ጌሾው መቼ ይግባ?

ኅዳር፣ ሚዛን ተፈሪ። የቡና ለቀማው ደርቷል። ጠማቂዋ በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ በልጅነታቸው የመጡ፣ ጠላ ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቀማሹ በቡና ቀማሽነት የሚተዳደር ወጣት ነው፤ አዲስ አበባ ካሉ ጓደኞቹ ጋር በትንሽ በርሜል የጠመቀውን ላገር ቢራ ይዞላቸው መጥቷል።

ቀማሹ፦ እትዬ፣ ይኸው። አሁን ከፍሪጅ ያወጣሁት ነው፤ ሳይሞቅ ይቅመሱልኝ።

ጠማቂዋ፦ መጀመሪያ አንተ ቅመስ። እኔ የገዛ ጠላዬን እንኳ በመዳፌ ቀድቼ ሳልቀምስ ለሰው አላቀርብም።

ቀማሹ፦ እውነትዎን ነው። ይኸው፣ ቀመስኩ።

ጠማቂዋ፦ ምነው ፉት ስትል እንዲህ ጮኸብህ?

ቀማሹ፦ ከሥራዬ የመጣ ልማድ ነው። ቡና ስንቀምስ በማንኪያ አንስተን በኃይል ወደ ውስጥ እንስባለን፤ አፍ ውስጥ በሙሉ ተረጭቶ ሽታው በአፍንጫ በኩል እንዲመለስ። ቢራም ላይ ይሠራልኛል።

ጠማቂዋ፦ እስቲ አምጣው። መልኩ ጥሩ ነው፤ አረፋውም ቶሎ አይወርድ። ጉሽ ነው ግን፣ አልተጣራም።

ቀማሹ፦ ሆን ብለን ነው ያላጣራነው። አዲስ አበባ ቦሌ ቢር ጋርደን ኢን የሚባል ቤት አለ፤ እዚያው ጠምቀው እዚያው ይቀዳሉ። ቢራቸውን ጋርደን ብሮይ ይሉታል፣ ነጣ ያለውን ብሎንድ፣ ጠቆር ያለውን ኢቦኒ። ሳይጣራ ነው የሚቀርበው። ቢራ የግድ እንደ መስታወት መጥራት የለበትም ብለን ያሰብነው እዚያ ነው።

ጠማቂዋ፦ ለእኔ ጉሽ መሆኑ ነውር የለውም። ቆይ ልድገመው። አፍ ሲገባ ደስ ይላል፣ ብቅሉ ይሰማል። ጭስም አለው፤ ወይራ ነው አይደል? ምሬትም አለው። ግን ጭሱ ብቻውን ይመጣና ይሄዳል፣ ምሬቱ ደግሞ ኋላ ብቻውን ይመጣና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አልተዋሐዱም። ጌሾውን መቼ ነው ያስገባችሁት?

ቀማሹ፦ ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈን፣ ጣፋጩን ውሃ አጥልለን እሳት ላይ ከጣድን በኋላ፣ ሲንተከተክ ነው የጨመርነው። ቢራ ጠማቂዎች ሆፕስ የሚሉትን የፈረንጅ ጌሾ የሚያስገቡት እዚያ ላይ ነው። እኛ በሆፕሱ ቦታ የአገራችንን ጌሾ አደረግን።

ጠማቂዋ፦ ጌሾ ቀድሞ ነው የሚገባ! እኔ ወቅጬ በቀዝቃዛ ውሃ እጠነስሰዋለሁ፤ ሁለት ሦስት ቀን ከውሃ በቀር ሌላ ነገር አያይም። ከዚያ ብቅሉ ይገባል፣ ቂጣው ተቆራርሶ ይገባል። እንኩሮው አሻሮ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተነኩሮ እስኪመጣ ድረስ ጥንስሱ ሥራውን ጀምሯል። ጌሾው እንጨቱ ደግሞ ከእንኩሮው ጋር ይገባል። እናንተ ግን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ጌሾውን እሳት ላይ ጣላችሁት።

ቀማሹ፦ ምክንያት ነበረን። ሆፕስ ሳይንተከተክ ደህና ምሬት አይሰጥም። አንድ ሰዓት ያህል እሳት ላይ ካልቆየ በውስጡ ያለው ነገር ወደሚመረው ዓይነት አይለወጥም። መጻሕፍቱ ሁሉ የተጻፉት ለሆፕስ ስለሆነ እኛም በዚያው መንገድ ሄድን። ጌሾ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ኢትዮጵያዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 የጌሾ ቅጠልን መራራ ንጥረ ነገር ለይተው ጌሾይዲን ብለው ሰይመውታል። ከስኳር ጋር የተጣመረ ነገር ነው፤ እሳት ሳያስፈልገው ውሃ ውስጥ ይሟሟል።

ጠማቂዋ፦ ይህን ካወቃችሁ ለምን አነተከተካችሁት?

ቀማሹ፦ ለንጽሕና። እሳቱ በቅጠሉ ላይ ያለውን ሁሉ ይገድላል። ከዚያ በኋላ በርሜሉ ውስጥ የሚኖረው እኛ የምንጨምረው እርሾ ብቻ ነው። ላገር ያለዚያ አይሆንም።

ጠማቂዋ፦ ስለ ንጽሕና ከሆነ እኔስ ጋኔን በግራዋ አሽቼ፣ ፀሐይ አስመትቼ፣ በወይራ አላጥንም?

ቀማሹ፦ ያጥናሉ፤ ጭሱም ብዙ ተባይ ይገድላል። በጀርመን አገር ባምበርግ የምትባል ከተማ እስከ ዛሬ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው የሚጠምቁ አሉ፤ ሽሌንከርላ የሚባለው ቤት በዚህ የታወቀ ነው። እነሱ እህሉን ያጥናሉ፣ እኛ ዕቃውን እናጥናለን።

ጠማቂዋ፦ እናንተ ያጠናችሁት ዕቃ ምንድን ነው?

ቀማሹ፦ የብረት በርሜል።

ጠማቂዋ፦ አገኘሁት! ብረት ጭስ አይጠጣም። ሸክላ ይጠጣል። ለዚህ ነው ጭሱ አፍንጫ መትቶ የሚጠፋ። ጋን የጠጣው ጭስ ቀስ እያለ ነው የሚወጣ፤ ከድፍድፉ ጋር አብሮ ይበስላል፣ ምሬቱንም ይይዝለታል። የእናንተ ጭስ የሚይዘው ነገር አጥቷል።

ቀማሹ፦ ይህን እኔ በአፌ ሰምቼው ምክንያቱን ግን አላገኘሁትም ነበር። ጓደኞቼ ጭሱን እንጨምር አሉ፣ እኔ እንቀንስ አልኩ። የዕቃ ነገር መሆኑን ማናችንም አላሰብንም።

ጠማቂዋ፦ አሁን ላገር የምትለውን ንገረኝ። ሆቴል ቤት ካለው በደሌና ጊዮርጊስ በምን ይለያል?

ቀማሹ፦ እነሱም ላገር ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ለእኛ የሚቀርበን በደሌ ደግሞ በ1985 ዓ.ም.። ላገር ማለት በቅዝቃዜ የሚፈላ፣ ከዚያም በባሰ ቅዝቃዜ ሳምንታት የሚተኛ ቢራ ነው። የመጣው ከባቫሪያ ነው። እዚያ በበጋ የተጠመቀ ቢራ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ እ.ኤ.አ. በ1553 ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል እስከ ቅዱስ ሚካኤል ማንም ቢራ እንዳይጠምቅ መስፍኑ ከለከለ።

ጠማቂዋ፦ ከጊዮርጊስ እስከ ሚካኤል? የእነሱ ጊዮርጊስም በ23 ነው?

ቀማሹ፦ በ23፤ በእነሱ ኤፕሪል። የእኛ ሚያዝያ 23 ጥቂት ቀን ዘግይቶ ሜይ 1 ላይ ይውላል። ሚካኤላቸው ሴፕቴምበር 29 ነው። እንግዲህ በብርድ ወራት ብቻ ስለሚጠመቅ፣ ብርድ የሚችለው እርሾ ብቻ እየተመረጠ ቀረ። ይህ እርሾ ድቅል ነው፤ አንዱ ወላጁ ዳቦም ጠላም ላይ የምናውቀው ነው። ሌላው ወላጅ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች በደቡብ አሜሪካ፣ በፓታጎኒያ ጫካ ዛፍ ላይ ማግኘታቸውን ገለጡ። ኋላም በቲቤት፣ በአየርላንድም ተገኘ።

ጠማቂዋ፦ ከጫካ የመጣ ከሆነ ምኑን ንጹሕ አላችሁት?

ቀማሹ፦ ንጹሕ የተባለው ኋላ ነው። ያኮብሰን የሚባል ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1845 ከሙኒክ ይህን እርሾ በዕቃ ይዞ በጋሪ ኮፐንሃገን ድረስ ወሰደው። እንዳይሞቅበት ጋሪው በቆመ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈስበት ነበር። ካርልስበርግ የሚባለውን የቢራ ፋብሪካ ያቋቋመው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 እዚያው የሚሠራው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት ነፍስ ብቻ የተራባ እርሾ ለየ፤ መጥፎው ከጥሩው ሳይቀላቀል። እናም ደብቀው አላስቀሩትም፤ ለሌሎች ጠማቂዎች በነጻ ሰጡት።

ጠማቂዋ፦ ደግ አደረጉ። ጥንስስ የሚከለክል ጎረቤት ጎረቤት አይደለም።

ቀማሹ፦ እኔን ግን ያስገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ከፋብሪካው አሮጌ መጋዘን የዚያን ዘመን ጠርሙስ አገኙ፤ እርሾው ውስጡ በሕይወት ነበረ። አባዝተው፣ የድሮውን የገብስ ዘር ፈልገው፣ በእንጨት በርሜል ደግመው ጠመቁትና እ.ኤ.አ. በ2016 ለሰው አቀመሱ። አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ደግሞ አንከር የሚባል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 ሱመሮች በሸክላ ላይ የጻፉትን መዝሙር እያነበበ የጥንት ቢራቸውን ለማስነሣት ሞክሯል። ዳቦ ጋግረው ነበር ድፍድፉ ውስጥ የከተቱት። እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ የታየኝ የእርስዎ ቂጣ ነው። እነሱ ከሞተ ቋንቋ ቆፍረው ያወጡትን እርስዎ ከትናንት ወዲያ ምጣድ ላይ ጋግረውታል። እና ጠርሙሱ ላይ «በጥንታዊ ዘዴ የተጠመቀ» ብለን እንጻፍ አልን።

ጠማቂዋ፦ እሱን አትጻፍ።

ቀማሹ፦ ለምን?

ጠማቂዋ፦ ጥንታዊው የቱ ነው? ብቅሉን ማን አበቀለው?

ቀማሹ፦ ከፋብሪካ ነው የገዛነው።

ጠማቂዋ፦ ጌሾው ተንተክትኳል። ዕቃው ብረት ነው። እርሾው የሙኒክ ነው። ብርዱ የፍሪጅ ነው። ከእኔ ቤት የወሰዳችሁት ጌሾና ወይራ፣ ሁለት ዕቃ ነው። አንተ አሁን ራስህ የነገርከኝ ሰዎች እኮ የገብሱን ዘር ሳይቀር ፈልገዋል። እነሱ በሙሉ ከደከሙ እናንተ በግማሽ ደክማችሁ ለምን አንድ ስም ትወስዳላችሁ? ቢራችሁ ጥሩ ቢራ ነው፤ ጌሾና ወይራ ያለበት ላገር ብላችሁ ሽጡት። እውነት ነውና ማንም አይከሳችሁም።

ቀማሹ፦ ግን እትዬ፣ የእርስዎም ጠላ እኮ የወሎው አይደለም። ገብስ የለበትም።

ጠማቂዋ፦ የለበትም። እናቴ በገብስ ትጠምቅ ነበር፣ ጋኑንም በጥንጁት ታጥን ነበር። በ77 ወደዚህ ስንመጣ ገብሱም ጥንጁቱም ቀረ። ያለን በቆሎ ነበር። እናቴ በቆሎ አበቀለች፤ ሻገተባት። አየሩ እርጥብ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፤ እህሉ በኮባ ተሸፍኖ በየቀኑ ካልተገላበጠ ይበላሻል። ኋላ ማሽላ ቀላቀለችበት፣ ተሻለ። ጠላው ሲደርስ ደግሞ በሙቀቱ ቶሎ እየኮመጠጠ አስቸገራት። ወሎ ጋኑ በጭቃ ተመርጎ ሰንብቶ ነው የሚጠጣ፤ እዚህ ያን ያህል ብታስቀምጠው ኮምጣጤ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያደረገች፣ ቶሎ ቶሎ መጥመቅ ጀመረች። እኔም የያዝኩት ያንን ነው። አየህ፣ እህሉ ተለወጠ፣ ቀኑ ተለወጠ። ሥራው ግን አንድም አልተቀነሰም። አሻሮው ይቆላል፣ ቂጣው ይጋገራል፣ ጌሾው ቀድሞ ይገባል። ዘዴ የምለው እሱን ነው።

ቀማሹ፦ ቦርዴስ? ቦርዴም ይሸጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ጠማቂዋ፦ ከቤንች ጎረቤቴ የተማርኩት ነው። ቦርዴ ጌሾ አያውቅም። በቆሎው ወይ ማሽላው ይበስላል፣ ብቅል ይገባበታል፣ እየፈላ እያለ ይጠጣል። እስኪጠራ የሚጠብቀው የለም፤ ካደረ ይጎመዝዛል። ወፍራም ነው፤ ለቀማ የዋለ ሰው እሱን ጠጥቶ እራት አይጠይቅም። መጀመሪያ ላይ እናቴ ናቀችው። እኔ ግን ይህን አገር የሚያውቀው መጠጥ እሱ መሆኑን ያየሁ ገና በልጅነቴ ነው።

ቀማሹ፦ እኔ ይህን ለጓደኞቼ የምነግርበት መንገድ አጥቼ ነበር፣ አሁን ገባኝ። መጠጥ እንዳይበላሽ ሰው ሦስት ነገር አድርጓል። ባቫሪያዎቹ በብርድ ያዙት። ደጋው ላይ ጌሾና ጭስ ያዘው። ብርድ የሌለበት ቆላ ደግሞ ሳይበላሽ ቀድሞ ይጠጣዋል። ከቴፒ ማዶ ያሉት ማጃንጎችም እንዲሁ ናቸው። ጃክ ስታውደር የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ ማሳ የሚመነጥር ወይም የሚያርም ሰው ጎረቤት የሚጠራው የእህል ቢራ ጠምቆ ነው። መጠጡ የሚደርስበት ቀንና ሥራው የሚሠራበት ቀን አንድ ነው።

ጠማቂዋ፦ ደቦ እኛም አገር እንደዚያው ነው። ታዲያ በዚህ ሙቀት ላገር ምን አመጣው? መብራት ሲጠፋ በርሜልህ ምን ይሆናል?

ቀማሹ፦ ይሞቃል፤ እርሾውም የማይፈለግ ሽታ ያመጣል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ኖርዌይ ውስጥ ገበሬዎች ክቫይክ የሚሉት የቤት እርሾ አለ፤ በእንጨት ቀለበት ላይ አድርቀው ከአባት ለልጅ ያስተላልፉት የነበረ። በሠላሳና ከዚያ በላይ ዲግሪ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ መጥፎ ሽታም አያመጣም። አሁን በዓለም ያሉ ብዙ ትንንሽ ጠማቂዎች እየገዙት ነው። ለቴፒ ዓይነት አየር ከላገር እርሾ ይልቅ እሱ ይስማማል።

ጠማቂዋ፦ ሙቀት የሚችል እርሾ ፍለጋ ኖርዌይ ትሄዳለህ? ጋኔ ውስጥ ያለው ምን የሚችል መሰለህ?

ቀማሹ፦ ልክ ነዎት። እሱን አንስቶ ያሳደገ ሰው አላውቅም። እኔም የምፈራው ይህንን ነው። የጌሻን ቡና ያውቃሉ፤ ከዚሁ ከእኛ ጫካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዘሩ ተወሰደ፣ ታንዛኒያ ኮስታሪካ እያለ ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ ውድድር ላይ ቀርቦ ቀማሾችን አስደነገጠ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆነ። እኔ ጌሻን እንደ ቀማሽ ያጠናሁት በፓናማ ገበሬዎች ወሬ ነው፣ ተወልጄ ያደግኩት ግን እዚህ ነው። ያመኛል። የጠላው እርሾም፣ ዘዴውም እንዲሁ ሄዶ በሌላ ስም እንዳይመለስ፣ ሌላው ሳይወስደው እኛ እንሥራው እላለሁ።

ጠማቂዋ፦ እኛ ማለት ማን ነው? አንተና ጓደኞችህ ናችሁ ወይስ እኔም አለሁበት?

ቀማሹ፦ እርስዎም።

ጠማቂዋ፦ ጠርሙሱ ላይ ልትጽፉ ያሰባችሁት ጽሑፍ ላይ አልነበርኩበትም።

ቀማሹ፦ አልነበሩም። እሱን አልክድም። ግን እርስዎም ከእኛ የሚያገኙት አለ። ባለፈው ዝናብ ጊዜ ገዢ ጠፍቶ ስንት ጋን ነው ኮምጥጦ የደፉት?

ጠማቂዋ፦ እሱስ አዎ። የበበቃ ቡና እርሻ ለቃሚዎች ደመወዝ ሳይቀበሉ ሲቀሩ ጠላው እጄ ላይ ይቀራል። ማገዶው ባክኖ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ለከብት አተላ እንኳ ሳይሆን የሚደፋ አለ። ሦስት ቀን ብቻ የሚያቆይልኝ ነገር ባገኝ ኑሮዬ ሌላ ነበር።

ቀማሹ፦ ብርዱ የሚጠቅመው እዚያ ላይ ነው። በጋን ውስጥ በእርስዎ ጥንስስ፣ በእርስዎ ቀን ይፍላ። ሲደርስ አጥልለን በርሜል ውስጥ እናቀዝቅዘው፤ መኮምጠጡ ይዘገያል፣ ዝቃጩም ይወርዳል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ፍላቱ ስላለቀ ጉዳቱ ያንሳል።

ጠማቂዋ፦ የሙኒክ እርሾህን ሳትጨምር?

ቀማሹ፦ ሳልጨምር። በጥብቁ ካየነው ላገር አይባልም፤ ላገር የራሱ እርሾ አለው። መተኛቱ ብቻ ነው የላገር የሚሆነው።

ጠማቂዋ፦ ስሙን ኋላ ታወጣለህ። እንግዲህ ስማ፤ ለቀማው ሲበርድ፣ ጥር ላይ እንሞክረው። በአንዴ ሁለት ጋን እናድርግ። በአንዱ ጌሾውን በእኔ መንገድ እጠነስሳለሁ። በሌላው እንዳንተ አንተክትከህ አስገባው፣ የቀረው ሁሉ አንድ ይሁን። ከዚያ አንተ በማንኪያህ፣ እኔ በመዳፌ እንቅመስ። የተሻለውን አብረን እንወስናለን።

ቀማሹ፦ በጣም ጥሩ። እንዲያውም ሳላውቅ ይቅረብልኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይንገሩኝ። ቡናም የምንቀምሰው እንዲሁ ነው።

ጠማቂዋ፦ ለእኔም እንዲሁ አድርግልኝ። ዋጋውን ደግሞ አሁን እንነጋገር። የሥራ ቀኔን በቀን ሠራተኛ ሒሳብ አልቀበልም። ተሸጦ ከሚገኘው ድርሻዬን እፈልጋለሁ፤ ጠርሙሱ ላይ ስለ ዘዴ የሚጻፍ ነገር ካለም ሚዛን ውስጥ የጠመቀችው ሴት ስሟ ይጻፍ።

ቀማሹ፦ ከጓደኞቼ ጋር መማከር አለብኝ። አራት ነን፣ እኩል ነው የምንካፈለው።

ጠማቂዋ፦ ከተስማሙ አምስት ነን፤ ካልተስማሙ ግን ጋኔን አታዩትም። ማሽላውን ከገና በፊት ላክልኝ። ለማብቀል አንድ ሳምንት፣ በዚህ እርጥበት ለማድረቅ ደግሞ ሌላ ሳምንት ይፈጅብኛል።